ሃያ አራት ኪሎዋ ካያክ

አስላክ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፊዮርዱ፣ በተራሮች መካከል በገባው ጠባብ ባሕር ላይ፣ መኪና አሻጋሪውን መርከብ ሲነዳ አንድም ቀን ከወደቡ ጋር አላላተመውም። ጡረታ ከወጣም በኋላ በመንደሩ ጀልባ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ እሱን ያማክራል። ጥሩ ነው ካለ ተገዛ ማለት ነው፤ አይሆንም ካለ ደግሞ ነገሩ አበቃ።

ስለዚህ ጀልባ ሠሪዋ ጉንቮር አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚቀዝፋት ጠባብ ጀልባ፣ ስትጨርስ ለሙከራ ይዛት የመጣችው ወደ እሱ ነበር። የአጥማጆቹ ማኅበር «አስላክ ካሳለፋት ስድስት እናዛለን» ብሏታል።

«መጀመሪያ አንሣት» አለችው ግንቦት ላይ፣ ባሕሩ ዳር ቆመው።

አነሣት። በዓሣ ሚዛኑ ሰቅሎ ሲመዝናት ሃያ አራት ኪሎ ሆነች።

«ብቻዋን የምታጠምድ ሴት ብቻዋን መኪናዋ ላይ መጫን መቻል አለባት» አለች ጉንቮር፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተጎዳውን ትከሻዋን እያሸች። «የለፋሁት ለዚህ ነው። ደግሞ ስማኝ፤ ወንበሯ ከፍና ዝቅ ይላል። ከፍ ብሎ ሳለ እንዳትቆም።»

«እኔን ነው የምታስተምሪው?» ብሎ ሳቀባት።

ካያኳ ባሕሩ ላይ ቀጥ ብላ ሄደች። ስትዞር አታስቸግርም፤ ከጎን የሚመጣውም ነፋስ ከመንገዷ አያስወጣትም። አስላክ ከትንሿ ደሴት ጀርባ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ሁለት ኮድ ዓሣ አወጣ። ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ሽንቱ መጣ። ዳርቻው ሩቅ አልነበረም፤ እስከዚያ መቅዘፉ ግን ሰለቸው። ግራ ቀኙን አየና ቆሞ ዚፑን ከፈተ። ቀጥሎ ያወቀው ነገር ቢኖር ቀዝቃዛው ውኃ በአፍንጫው ሲገባ ነው።

ሃልቫር የተባለ ጎረቤቱ በሞተር ጀልባ ሲያልፍ አይቶት ጎትቶ አወጣው።

«ካፒቴን! አንተም ትገለበጣለህ እንዴ?»

«ቁጭ ባልኩበት ነው!» አለ አስላክ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ትንሽ ማዕበል ከጎን ነካትና ድፍት! ይህች ነገር ድመት እንኳ አትሸከምም።»

ቃሉ ከአፉ ያመለጠው ሳያስበው ነበር። በማግስቱ በሙከራው ወረቀት ላይ ያሰፈረው ግን አስቦበት ነው። ክብደቷ ጥሩ፤ አካሄዷ በጣም ጥሩ፤ ሚዛኗ አደገኛ፣ ሰው ተቀምጦባት እንኳ ትገለበጣለች። ማኅበሩም ስድስቱን ሳያዝ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጉንቮርን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። በረዶው እስኪቀልጥ እንዲህ ሲሸሻት ከረመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ራሷ ደወለችለት።

«ሰፋ አድርጌ ሠርቻታለሁ። መጥተህ ሞክርልኝ።»

ሲደርስ ጉንቮር ካያኳን ከመኪናዋ ጣራ ለማውረድ ትታገላለች። ትከሻዋን ይዛ ቆም አለች። ለሁለት አወረዷት። ሠላሳ ሦስት ኪሎ ሆናለች።

«ብቻዬን አልችላትም» አለች ጉንቮር። «ግን ምን ላድርግ? ያን ቀን ብትሞት ኖሮ በእኔ እጅ ነበር። እስከ ዛሬም ቀርቤ አላናገርኩህም። ይቅር በለኝ፣ አስላክ።»

ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። መቅዘፊያውን ይዞ ካያኳን እየገፋ እንደሚሸሽ ሰው ወደ ባሕሩ ገባ። ካያኳ የከብት ገንዳ ሆናለች። ውኃውን ትገፋዋለች እንጂ አትቆርጠውም፤ ነፋሱ ሰፊ ጎኗን ይዞ ወደ ቋጥኙ ይነዳታል። ያቺን ግሩም የፊተኛዋን ካያክ እሱ በአንድ መስመር ጽሑፍ ገድሏታል።

«እንዴት ናት?» አለችው ሲመለስ።

«መጥፎ ናት። ጥሩ የነበረችው የፊተኛዋ ናት።» አንገቱን ደፋ። «ያን ቀን ቁጭ ብዬ አልነበረም፣ ጉንቮር። ቆሜ ነበር።»

«ለምን ቆምክ?»

«ልሸና።»

ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። ብትስቅበት ይሻለው ነበር።

«ወንበሩስ?»

«ከፍ ብሎ ነበር።»

«ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኝ ነበር።»

«ሰው ልገድል ነበር እያልኩ ክረምቱን በሙሉ እንቅልፍ አጣሁ» አለች። «የፊተኛዋ ካያክ ቅርጿን የያዘችበትን ፎርማ በመጋዝ ቆራርጬ ጣልኩት። አንተ ደግሞ ስታየኝ መንገድ ስትቀይር፣ ተቀይሞኝ ነው ብዬ...»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ለእኔ ምንም። ሐሙስ ማኅበሩ ይሰበሰባል።»

ሐሙስ ዕለት ሃያ ሰው ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ሃልቫር እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ካፒቴናችንን ሽንቱ አሰመጠው በሉኛ!» ቤቱም አብሮት ሳቀ። ፖስታ አመላላሽ የነበረችው ቦርግሂልድ ብቻ አልሳቀችም።

«ከስድስቱ ካያኮች አንዷ የእኔ ልትሆን ነበር» አለችው። «ሰባ ዓመቴ ነው፤ ሌላውን ማንሣት አልችልም። አንተን አምኜ ተውኩና ከዚያ ወዲህ ባሕር ወጥቼ አላውቅም።»

ሳቁ ቆመ። አስላክ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

በማግስቱ ወደ ጉንቮር ጀልባ መሥሪያ ሄዶ ሥራ እንድትሰጠው ለመናት። ማለስለሻ የብርጭቆ ወረቀት አቀበለችው። እስከ ሰኔ መጨረሻ አዲሱን ፎርማ ሲያለሰልስ ከረመ፤ ከሥራው ውጪ አንድ ቃል አላነጋገረችውም። ካያኳ ሃያ አራት ኪሎ ሆና ስታልቅ የሙከራውን ወረቀት የሰጠችው ለቦርግሂልድ ነው። አሮጊቷ ካያኳን ብቻዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በአስላክ አጠገብ አለፈች። እሱ ዓይኑን ከጠጠሩ ላይ አላነሣም።

ጉንቮር ካያኳ ባሕሩ ላይ ቀጥ ብላ ስትሄድ ከዳር ሆና አየች።

«ሰኞ ሁለተኛዋን እንጀምራለን» አለችው ፊቷን ሳታዞር።

«እሺ» አለ አስላክ። ከዚያ ባሕሩ ዳር የተጋደመውን እርጥብ ገመድ መጠቅለል ጀመረ።