ለስብሰባ የተፈጠረ ጥፋት

በደርግ ዘመን ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የውሃ ጥናት ጣቢያ ታይፒስት ነበርኩ። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ግዛው ከውጭ አገር ከተመለሱ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ረዳታቸው ተናኘ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ የተመደበች ወጣት ናት።

ቢሯቸው ጎን ለጎን ሆኖ ሳለ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። እሳቸው ጽሑፏን በቀይ እርሳስ ጭረው ይሰጡኛል፤ እኔ አደርስላታለሁ። «ካልገባሽ ግቢና ጠይቂያቸው» እላታለሁ።

«አልገባኝም ልበላቸው? አፍራለሁ!»

ይሄ ይሉኝታዋ ያናድደኝ ነበር።

ተናኘ ሁለት ዓመት ሙሉ ላፍቶና ፉሪ እየተመላለሰች የሃያ ሦስት ጉድጓዶችን ውሃ ለክታለች። ልኬቱ በዓመቱ ሪፖርት ከስሟ ጋር ከወጣ ተመራማሪ ትሆናለች፤ ካልወጣ ክፍለ ሀገር ለመዝገብ ቤት ሥራ ትመደባለች።

በየወሩ መጨረሻ ሐሙስ ሁላችንም የጣቢያው ካድሬ በሚመራው ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እናደርጋለን። ጥፋት የሌለው ሰው አድርባይ ስለሚባል ቀላል ቀላል ጥፋት እንፈጥር ነበር። እኔ ካርቦን አባክኛለሁ እያልኩ ስድስት ወር ኖሬበታለሁ። አንድ ሐሙስ የተናኘ ተራ ደረሰ፤ ማርፈዷን ባለፈው ወር ተናግራ ጨርሳለች። ተነሳችና «ልኬት ስመዘግብ ጥንቃቄ ጎድሎኛል» ብላ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ሪፖርቱ እንድተይበው መጣልኝ። ሃያ ሦስቱም ጉድጓዶች ተሰርዘዋል። ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ፤ ያም ሆኖ «ስህተት አግኝተውበት ይሆናል» አለች። እጇን ይዤ አስገባኋት።

«ዶክተር፣ ልኬቴ ምን ተገኘበት?»

«ራስሽ ተናግረሽ የለ? ጠርቼ ብጠይቅሽ ትሸማቀቂያለሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

«እሱማ ለስብሰባው ያህል ነው! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ዶክተር ግዛው እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ካድሬው ዘንድ ደርሷል። ልኬቱን ለመመለስ፣ ተናኘ ስብሰባውን አታልያለሁ ብላ መፈረም ነበረባት። በዚያ ዘመን ይህን የሚፈርም አልነበረም። ሪፖርቱ ያለ እሷ ወጣ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዶክተር ግዛው ተነሱ። «የበታቼን ጠርቼ ሳላነጋግር የሁለት ዓመት ድካሟን ሰርዣለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ካድሬው አመስግኖ ተራውን ለሹፌሩ ለለታ ሰጠ።

በአዳራሹ እውነተኛ ጥፋት ሲነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሊሰማ የሚገባው ጆሮ ደግሞ እዚያ አልነበረም። ተናኘ ከስብሰባው በፊት፣ ሰኞ ዕለት ወደ ክፍለ ሀገር ልትሄድ ስትሰናበታቸው «መልካም መንገድ» ብቻ ነበር ያሏት።