ዜሮ የተባለው ደም

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ገገማዋ» ይሉኛል። ፊት ለፊት የሚሉኝ ጥቂቶች ናቸው፣ ሌሎቹ ዞር ስል ይጠብቃሉ። አይከፋኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር ኖሬ እኔ ገገማ ካልሆንኩ ማን ይሁን?

ልጅቷ ያን ቀን ጠዋት የናሙና መቀበያውን መስኮት አንኳኳች አልልም፤ ደበደበችው። ሃያ ስድስት ቢሞላት ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ አራት ፎቅ በደረጃ ወጥታ ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም። አንድ ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፋ ያዘችና፣

«እትዬ፣ ይኼን የፈረመው ማነው?» አለችኝ።

ወረቀቱ የእኛ ነው። ፊርማው የኃላፊያችን ነው። ሲዲ ፎር በሚለው መስመር ላይ ዜሮ ተጽፏል።

ሲዲ ፎር የሰውነትን መከላከያ የሚመሩት ነጭ የደም ሴሎች ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። የምናገኘው በአንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ቀለም ተሸክሞ ይሄድና ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል፣ ማሽኑ ብርሃን ሲያበራበት ቀለሙ ይፈካል፣ የፈካው ይቆጠራል። ጤነኛ ሰው ሺህ ገደማ አለው። ዜሮ የሆነ ሰው እንኳን መስኮት ሊደበድብ ከአልጋውም አይነሳ።

«ወንድሜ በሳምንት ሦስቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው» አለች። «የኔ ኩላሊት ይስማማዋል ተባለ። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነበር። ትናንት ሐኪሙ 'አንቺ ራስሽ በሽተኛ ነሽ' ብሎ ሰረዘው። ኤች አይ ቪ መረመሩኝ፣ የለብሽም አሉ። ታዲያ ምን ሆኜ ነው?»

«ምን ይሰማሻል?»

«ንዴት።»

እዚያው ወደድኳት።

ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎቿ ድምር አንድ ሺህ ሰባት መቶ። ከነሱ ውስጥ ገዳይ የሚባሉት ስድስት መቶ። ረዳት የሚባሉት፣ ማለትም ሲዲ ፎር ያላቸው፣ ዜሮ። የቀረው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሴል የት ገባ? ይኼን ለማየት መደመር የሚችል ሰው ይበቃል። በግኜ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

ኃላፊያችንን «አቶ መመሪያ» እንለዋለን። ናሙና የምንመጥበትን ፒፔት አያያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ አንቱ ይለኛል።

«ሳትደምር ነው እንዴ የምትፈርመው?» አልኩት።

«ማሽኑ በየማለዳው ይፈተሻል» አለኝ። «አንቲቦዲው ለሌላው በሽተኛ ሁሉ ሠርቷል። ለእሷ ብቻ ተለይቶ ይበላሻል?»

«ማን ተበላሸ አለህ? አንቲቦዲ ፕሮቲኑን ሙሉ በሙሉ አያቅፍም፤ አንዲት ጥግ ላይ ነው የሚይዘው። ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ያቺ ጥግ ትንሽ ለየት ያለች ብትሆንስ? ፕሮቲኑ አለ፣ ሥራውንም ይሠራል። የኛው አንቲቦዲ ነው መያዣ ያጣው።»

«በመመሪያው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«ልጅቷም በመመሪያው ላይ የለችም። መስኮቱ ጋ ቆማለች።»

በሌላ ጥግ የሚይዝ አንቲቦዲ ምድር ቤት ያለው የተማሪዎች ላቦራቶሪ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ስነግረው እጁን አወራጨ። ያልተፈቀደ ነው፣ ዝርዝራችን ውስጥ የለም፣ ካደረጉት በራስዎ ኃላፊነት ነው አለኝ።

«መቼ በሰው ኃላፊነት ሠርቼ አውቃለሁ?» ብዬው ወጣሁ።

የተማሪዎቹ ላቦራቶሪ መምህር ሁለት ጠብታ ለመስጠት አላንገራገረም። ብልቃጧን በረዶ ውስጥ ቀብሬ እያለከለክሁ አራቱን ፎቅ ስወጣ ከልጅቷ ይልቅ የሲዲ ፎር ችግር ያለብኝ እኔ መሰልኩ። ከልጅቷ አዲስ ደም ቀዳሁ። በሁለት ቱቦ ከፈልኩት፤ አንዱን በእኛ አንቲቦዲ፣ አንዱን በመምህሩ። ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ክልክል መሆኑን እያወቅኩ ወንበር ስቤ ልጅቷን ማሽኑ አጠገብ አስቀመጥኳት።

በእኛው አንቲቦዲ ባዶ። በመምህሩ ግን ስክሪኑ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሞላ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ። እኔ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

«እነዚህ የኔ ናቸው?» አለች።

«ያንቺ ናቸው። ዕድሜሽን ሙሉ ሲጠብቁሽ የኖሩት እነዚህ ናቸው።»

ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ። ቦርሳዋን ከፍታ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች።

«እናቴ ለማንም እንዳላሳይ አስምላኛለች» አለች። «አምና መጀመሪያ ኩላሊት ልትሰጠው የነበረችው እናቴ ናት። ድንገት 'ቢላዋ ፈራሁ፣ ተውኩት' አለችን። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አያይም። ትናንት የኔን ወረቀት ስታይ ይኼን ከፍራሿ ሥር አወጣችው። ኤድስ ይዟት የምትሞት መስሏት ለሐኪሙ እንኳ ሳታሳይ ዝም ብላ ነው የከረመችው። ሳህኗንም ብርጭቆዋንም ለይታለች፣ የልጅ ልጇን አትስምም።»

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ሲዲ ፎር፣ ዜሮ። ያቺ ለየት ያለች ጥግ ከእናቷ የወረሰቻት ኖራለች። ከላይ ያለው ድምር ቢታይ ያኔም ይጮህ ነበር። ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ያን ቀን ምን አጣድፎኝ እንደነበር አላስታውስም፤ ባስታውስም ሰበብ ነው። ኃላፊውን «ሳትደምር ነው እንዴ የምትፈርመው» ያልኩት እኔው ነኝ።

የልጅቷን ውጤት ራሴ ለሐኪሙ ወሰድኩት። ስክሪኑን ካላየሁ ብሎ መጣ፣ አየ፣ ሐሙስን መለሰላት። አቶ መመሪያ ግን ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

«የልጅቷን የናሙና ስህተት ብለን እናርመዋለን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአምናውን አይነካኩት። ማንም አልጠየቀም። የፈረሙትም እርስዎ ነዎት፣ ለራስዎ ብዬ ነው።»

በማግስቱ ልጅቷ እናቷን ይዛ መጣች። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ማንንም ላለመንካት እጃቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። እጃቸውን አውጥቼ ያዝኩት፣ ደም ቀዳሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ በራ።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«አምና ዜሮ ነሽ ያለኝ ማነው?» አሉ።

በሩ ላይ የቆመው ኃላፊያችን ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ አንዳንድ ጊዜ የናሙና ስህተት...»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኩ። «ደምዎ ምንም አልሆነም ነበር። ወረቀቱ ላይ ስህተቱ ፈጦ እየታየ አስተውዬ ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ይቅርታዬን ይቀበላሉ ብዬ አልጠበቅኩም፣ እሳቸውም አልተቀበሉም። እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱና ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ተከሉ።

«ጻፊው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አሁን ያልሽውን። ለልጄ ነው የምሰጠው። እናቴ ፈርታ ነው ይላል።»

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከመሳቢያ ሳብኩ። ኃላፊው «እሱ ላይ የላቦራቶሪው ስም አለበት!» ብሎ ጮኸ። «አለበት እንጂ» አልኩት። የልጁን ስም ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ፣ ከላይ ጻፍኩት።

ከሥሩ «እናትህ አልፈሩም» ብዬ ጀመርኩ።