ሽማግሌ የላክሁባት መምህርት

ፈንታሁን እባላለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ስምንቱን እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያንበለብል ወጣት ካገኛችሁ የሱሀይላ ተማሪ ነው፤ የሚንተባተብ ካገኛችሁ የኔ ነው። ይህን እንደ ቀልድ እየተናገርኩ ሰው ሳስቅ ኖሬያለሁ። ቀልድ አለመሆኑን ግን አውቅ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አይደል የሚባለው።

ሱሀይላን ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ያኔ የማስተምረው እዚያው ደሴ ነበር። ተመርቃ ኮምቦልቻ እኔ ወዳለሁበት ትምህርት ቤት ስትመደብ እንደ አባት ኮራሁ። ሁለታችንም ደሴ ነው የምንኖረው፤ እሷ ከሆጤ ሰፈር፣ እኔ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እየተነሳን ጠዋት ጠዋት በአንድ ሚኒባስ እንወርዳለን። ደሴ ላይ በብርድ ተጠቅልለን እንሳፈራለን፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችንን አውልቀን በክንዳችን ይዘን እንወርዳለን። መንገድ ለመንገድ ስለ ተማሪ እናወራለን፣ ርዕሰ መምህሩን እናማለን። ደህና ጊዜ ነበር፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁት።

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም ነው። ኦማን ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ከውጭ አገር እንደሚቀጥር አየሁ። ሁለት ዓመት ኮንትራት፣ ቤት፣ የአውሮፕላን ቲኬት። ለማንም ሳልናገር አመለከትኩ። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ላኩ ስላሉ ጢሜን ተላጭቼ፣ ክራባት አስሬ፣ መኝታ ቤት ዘግቼ ራሴን ቀረጽኩ። ባለቤቴ ፀሐይነሽ ክራባቱ ለምንድን ነው ብትለኝ ስብሰባ አለብኝ አልኳት። በሳምንቱ መልስ መጣ፤ ሁለት መስመር ብቻ። ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ቪዛ አይሰጥም፣ ስላመለከቱ እናመሰግናለን ይላል። እኔ የዚያን አገር ልጅ ለማስተማር አርጅቻለሁ ማለት ነው። አጠፋሁትና ክራባቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት።

ሁለት ወር እንዳለፈ ሱሀይላ ሚኒባስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ኦማን አንድ ትምህርት ቤት ተቀበለኝ አለችኝ። ስሙን ስትጠራው ያው ራሱ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ በእጇ ይዛ፣ ሹራቧን እንኳ ሳታወልቅ ነው አሉ ቪዲዮውን የቀረጸችው። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። አፌ ነው ያለው፤ ሆዴ ሌላ ነበር። ምቀኝነት ነው እንጂ ሌላ ምን ስም ይሰጠዋል? ያን ጊዜ ግን ስሙን አልጠራሁትም። አባትሽስ? ብዬ ነው የጠየቅኋት።

አባቷ ጋሽ ጀማሉዲን ዐይናቸው ከደከመ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው አንድ ልጃቸው እሷ ብቻ ናት፤ በየወሩ ለዐይናቸው ክትትል ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምትወስዳቸውም እሷው ናት። ከአባቴ ጋር ተነጋግረናል፣ አብሽሩ ቲቸር፣ አያስቡ አለችኝ። ምን ተነጋገራችሁ ብዬ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ መልስ ይኖራታል፤ እኔ ደግሞ መልስ አልፈለግሁም።

በሦስተኛው ቀን ሆጤ ወደ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ቤት ሄድኩ። ሸሁ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የተጣላ ሲያስታርቁ፣ የተፋታ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዐይነ ስውር አባት ያለ ልጅ ሊቀር ነው አልኳቸው። ዐይነ ስውር እንኳ አልነበሩም፤ ጥላ ጥላውን ያያሉ። እኔ ግን እንደዚያ ብዬ ተናገርኩ። ሸሁ አዘኑ። መሪጌታ ኪዳኑንና ጡረታ የወጡትን መምህር በላቸውን ጨምረው ቅዳሜ እንሂድ አሉ። ወሎ ነው፤ ሽምግልና ከሆነ ቄስና ሸህ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። እኔም አራተኛ ሆኜ ተከተልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱሀይላ በሩን ከፍታ ስታየን ደነገጠች፤ ሰው የሞተ መስሏት ነው። ግቡ፣ ተቀመጡ ብላ ወንበር ታቀራርብ ጀመር። ማንም አልተቀመጠም። ሸሁ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ አባትሽን ጥለሽ እንዳትሄጂ ልንለምንሽ ነው የመጣነው አሏት። ቀጠሉናም፣

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

ሱሀይላ መጀመሪያ አባቷን አየች። ጋሽ ጀማሉዲን መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ከንፈራቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። ቀጥላ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ የሸሁን ጉልበት ነው ያየችው። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኚያን ሽማግሌ በዚያ ዕድሜ አቁሞ ማን ይከራከራል?

«እሺ አባ፤ ይቀመጡ» አለች።

ተቀመጥን። ሸሁ ዱአ አደረጉ፣ መሪጌታ መረቁ፤ ልጅ ውለጂ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ያባትሽ ምርቃት ይድረስሽ ተባለ። እሷ አንገቷን ደፍታ አሚን ትላለች። እኔም አሚን አልኩ፤ ምን ቀርቶኝ።

ሰኞ ዕለት እንደማትሄድ የምትገልጽበትን ደብዳቤ ጽፋ እንዳርምላት ሰጠችኝ። ለምን ለኔ ትሰጣለች? ከልጅነቷ የለመደችው ነዋ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ነጠላ ሰረዝ የሚነካ ነገር አልነበረውም። ጥሩ ነው ብዬ መለስኩላት፤ ላከችው።

ከዚያ ወዲህ ዝምታዋ በዛ። ክፍል ውስጥ ያው ናት፤ ተማሪዎቿ እንደ ድሮው ከክፍል እየሳቁ ይወጣሉ። ሚኒባስ ውስጥ ግን ያገኘችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች እንጂ ቦታ አትይዝልኝም። ይለፍላታል፣ ዝም አይነቅዝም አልኩ። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም፤ ሦስተኛውም።

በአራተኛው ወር ጋሽ ጀማሉዲን ለክትትል የሚቀርቡበት ቀንና እሷ ተማሪ የምታስፈትንበት ቀን ተጋጨ። እኔ እወስዳቸዋለሁ አልኩ። ደግ ሰው ለመሆን ነዋ! ወደ ቦሩ ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ መስኮት ዳር አስቀመጥኳቸው። መንገዱ ሲጋመስ እጄን ያዙ።

«መምህር፣ ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር አለ። እንድትሄድ ዱአ አድርጌ ጨርሼ ነበር እኮ። የእህቴ ልጅ ኢስራ መጥታ ከኔ ጋር ልትሆን ቃል ገብታልኝ ነበር። ሸሁ ለኔ ብለው ቆመው ሲለምኑ ግን ምን ብዬ ላቋርጣቸው? ወላሂ ምላሴ ታሰረ። ልጄን ያስቀረኋት እኔው ነኝ። ዐይኔ ሳያንስ እግሯን ያዝኩት።»

አብሽሩ ጋሼ አልኳቸው። እኔ ነኝ የላክኋቸው ማለት ነበረብኝ፤ እጄ በእጃቸው ውስጥ ነው፣ ጆሯቸው አጠገቤ ነው፣ ግን አላልኩም። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ልጅዎት ናቸው ወይ ብትላቸው፣ ልጅ ምን ያደርጋል፣ ከልጅም ይበልጣል አሏት። ምድር ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ውስጥ ሱሀይላን ብቻዋን አገኘኋት፤ የፈተና ወረቀት ታርማለች። ፊት ለፊቷ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ማመልከቴን፣ በዕድሜ መጣሌን፣ ሸሁ ቤት ሄጄ ያልኩትን፣ አንድም ሳላስቀር። እሷ እስክጨርስ ድረስ ማረሟን አላቆመችም። የያዘችውን ወረቀት ከጨረሰች በኋላ ውጤቱን ጽፋ ከበበችውና ቀና አለች።

«አውቃለሁ» አለች።

ከየት አወቅሽ ብላት ነገረችኝ፤ ደብዳቤውን እኔ ካየሁት በኋላ አንድ መስመር ጨምራበት ነበር። በእኔ ቦታ መምህሬን ውሰዱ፣ ያለኝን እንግሊዝኛ የሰጠኝ እሱ ነው ብላ ነበር የጻፈችው። እነሱም ሰውየው ቀደም ብሎ አመልክቶ ነበር፣ ዕድሜው አልፈቀደም ብለው መልሰውላታል። ቀኑንም ጠቅሰውላታል። እሷ ደግሞ ቀኑን አይታ የቀረውን ራሷ ገጣጥማለች፤ ጎበዝ ተማሪ ነበረች አላልኳችሁም እንጂ።

«አራት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ።»

አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ በድዬሻለሁ አልኳት እንደምንም።

ሱሀይላ ቀጣዩን ወረቀት ሳበች።

«አንዴ እሺ ብዬዎታለሁ፣ ቲቸር። ዛሬ አልችልም። ደግሞ መጀመሪያ ለአባቴ ይንገሩት፤ በራሱ ላይ ፈርዶ ነው የተቀመጠው።»

ደወል ተደወለና ወረቀቷን ሰብስባ ክፍል ገባች። እኔም ክፍል ነበረኝ፤ ገባሁ። ያን ቀን ያስተማርኩትን አላስታውሰውም።

እኛ አገር ሰው በድሎ ይቅር ካልተባለ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይልካል። ሸህ ዘይኑልአቢዲን ዛሬም ብጠራቸው እንቢ አይሉኝም፤ ምን እንደሠራሁባቸው አያውቁማ። ሲያስቡት ግን ያስፈራል፤ እኚያን ሰው ሁለተኛ በሯ ላይ ባቆማቸው ሁለተኛ እሺ ትለኛለች። ያንን እሺታ ይዤ ወዴት እገባለሁ?

ነገ ቅዳሜ ነው። ሆጤ ጋሽ ጀማሉዲን ዘንድ ብቻዬን እሄዳለሁ።