ድልድዩ አጠገብ የቆመችው ግመል

«ግመሌን መልሱልኝ!» አሉ ሐጂ ሮብሌ፣ ገና የመስታወቱን በር ሳያልፉ፣ በበትራቸው ወለሉን እየመቱ።

ኡባህ ከወንበሯ ተነሳች። «አጎቴ፣ ቤት ተሳስተው ይሆናል። እኛ ማስታወቂያ ሠሪዎች ነን።»

«የጉሌድ ልጅ መሆንሽ መች ጠፋኝ! ግመሌ ድልድዩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ቆማለች፤ ሂጂና እያት።»

ያኔ ገባት። ድልድዩ ጋ ያሣለችው የግመል ወተት ማስታወቂያ ነው። ነገ ባለወተቶቹ መጥተው ሥዕሉን ሊያዩ ነው፤ ከወደዱት የዓመቱ ሥራ በሙሉ የእሷ ይሆናል።

ሐርጌሳ ውስጥ የአባቷ የጉሌድ እጅ ያላረፈበት ግድግዳ ጥቂት ነው። ማንበብ ለማይችለው ሁሉ ጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ጥርስ፣ ልብስ ሰፊው በር ላይ መቀስ ሲስል ሠላሳ ዓመት ኖረ። በአንድ መሰላልና በሦስት ቆርቆሮ ቀለም የተጀመረው ቤት ዛሬ አሥራ አራት ሠራተኛ አለው። ኮምፒውተሩን ያስገባችው ኡባህ ናት። ግመል ማለብ ግን አታውቅም፤ እኛ ጎረቤቶቿ ይህን በፊቷም እንነግራታለን።

«ከገበያ ባነሳሁት ፎቶ ነው ያሣልኳት» አለች። «ጭኗ ላይ ያለው ጭረት ጌጥ መስሎኝ...»

«ጌጥ? የጎሳችን ምልክት እኮ ነው! በጋለ ብረት የምንተኩሰው!»

ጥግ ይዞ ሻይ የሚጠጣው ጉሌድ ሳቁ አመለጠው። «አለቀልሽ ልጄ። ግማሹ ከተማ ‹የእነ ሮብሌ ወተት ነው› ብሎ አይቀምሰውም። እነ ሮብሌ ደግሞ በነጻ ካልጠጣን ይላሉ።»

«በቃ፣ ምልክቱን አጠፋዋለሁ።»

«የሰው ግመል ምልክት የሚያጠፋ ሌባ ነው!» ሐጂ ጮኹ።

ኡባህ ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ ግመል ስትታለብ ግልገሏ የት ነው የምትሆነው?» አለች።

«አጠገቧ ነዋ! ልጇን ካላየች መች ወተት ትለቃለች?»

ኮምፒውተሯን ዘጋች። ስንት ዓመት ያልነካችውን የአባቷን ብሩሽ ይዛ ድልድዩ ጋ መሰላል ላይ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሰላት አዛን ሲጠራ፣ ግድግዳው ላይ አንዲት ቀጭን ግልገል የእናቷን ጭን ሸፍና ቆማለች።

«ምልክትዎ አልጠፋም፤ ከግልገሏ ጀርባ አለ» አለች ኡባህ ከላይ ሆና። «አሁንስ ታረቅን?»

ተከትለዋት የመጡት ሐጂ ሮብሌ ራቅ ብለው አዩ፣ ቀረብ ብለው አዩ፣ በሂና የቀላ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ታርቀናል። ግልገሏንስ መቼ ነው ምልክት የምንተኩሳት?»