የአሰለች አርምሞ

የመሪጌታ ገብረ ዮሐንስን ልጆች መዝሙር ያልሰማ ሰው ላስታ ውስጥ የለም፤ አለ ከተባለም ገና አልተወለደም። ከላሊበላ ብልባላ እህል የሚያመላልሱ አህዮች እንኳ፣ ከባለቤታቸው ስልክ «ብርዳችንን ለብሰህ» የሚለው መዝሙር ሲሰማ እርምጃቸውን ከከበሮው ጋር ያስተካክላሉ። የሦስቱ እህትማማቾች አሠራር ቀላል ነበር። ታላቂቱ አሰለች ታነሳለች፤ መካከለኛዋ ማኅሌት ከበሮ እየመታች፣ ትንሿ ሣራ እያሸበሸበች ይቀበላሉ። በዚህች ቀላል አሠራር ስንት ድንኳን እንዳለቀሰ፣ ስንቷ ሙሽራ ኩሏን እንዳበላሸች ልቁጠር የሚል ቢነሳ ቁጥር ያልቅበታል።

የተጀመረው በእግር እጥበት ነው። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣውን እንግዳ የላሊበላ ሰው ወገቡን ታጥቆ ይቀበላል፤ ውሃ አሙቆ፣ ሳፋ አቅርቦ የመንገደኛውን እግር ያጥባል። አንድ ዓመት አሰለች ገና ልጅ ሆና የአንድ ሽማግሌ እግር ስታጥብ ቁስሉ ጠዘጠዘውና ጮኸ። የምታደርገው ቢጠፋት ዘመረችለት። ማኅሌት ባዶ ሳፋ ገልብጣ መታች። ማኅሌት ጀርባ ላይ የታዘለችው ሣራም ተቀበለች፤ ሣራ እንዲያውም መናገር ሳትጀምር መቀበል የጀመረች ልጅ ናት። ሽማግሌው አንደኛው እግሩ ሳይታጠብ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰንበት ትምህርት ቤት ገቡ። ካሴት ሊሞት ሲያጣጥር ካሴት አወጡ፤ ሲዲ ሲተካ ሲዲ አወጡ፤ ሲዲውም ሲሞት ስልክ ጠጋኙ ምስጋኑ ዩቲዩብ ከፈተላቸው። ወልድያ ተጠሩ፣ አዲስ አበባ ተጠሩ። ማኅሌት አግብታ ሆዷ ሲገፋ እንኳ ከበሮዋን አልጣለችም፤ ከሩቅ ለሚያይ የትኛው ከበሮ የትኛው ሆድ እንደሆነ ግራ እስኪገባው ድረስ መታች። ልጁም ሲወለድ ያለቀሰው ምት ጠብቆ ነው።

ሦስት ይሁኑ እንጂ ሕዝቡ የሚያውቀው የአሰለችን ድምፅ ነበር። እሷም ታውቀዋለች። ባል መጥቶ ሲመለስ፣ ሌላው መጥቶ ሲመለስ ያልከፋት ያ ድምፅ ስላላት ነው። ገበያ ወጥታ «ቲማቲም ስንት ነው?» ብትል እንኳ ሻጯ ቀና ብላ «ኧረ አንቺው ነሽ?» ትላታለች።

በዚያው ጉሮሮ ላይ እንቅርት ወጣ። በደጋው አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ አሰለችም መጀመሪያ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። እንደ ሽንብራ የነበረው እንደ ድንች ሆነ፤ ኋላም ለብቻው መቀመጫ ሊጠይቅ ደረሰ። መዝሙሩን አንስታ ሳትጨርስ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ለሰው ሳይነገር፣ አክስት ጥየቃ ተብሎ፣ ከማኅሌት ጋር ደሴ ወረደች። ሐኪሙ አልደበቃትም፤ እንቅርቱ የአየር ቧንቧዋን እየተጫነው ነው፣ ካልወጣ ለሕይወቷ ያሰጋል፤ ሲወጣ ደግሞ የድምፅ ነርቭ አጠገቡ ነውና ድምፅዋ እንደነበረ ላይመለስ ይችላል። ይህንን ለብቻዋ ሰማች፤ ለብቻዋም አመቀችው። ማኅሌት የምታውቀው አሰለች ለጊዜው እንዳትናገር በሐኪም መታዘዟን ብቻ ነበር፤ የቀዶ ጥገናውንም ነገር ለማንም፣ ለሣራም ቢሆን፣ ላታወራ ቃል ገብታለች።

እንቅርቱ ወጣ። ትንፋሿ ተመለሰ። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም።

ላሊበላ የገቡት የነቢያት ጾም ዋዜማ ነው። ከመኪና ስትወርድ የመጀመሪያው ሰው ምስጋኑ ሆነ። አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላለች፤ እብጠቱ ግን የለም። ምስጋኑ ዓይኑን አፍጥጦ ምን ተገኘ፣ የት ጠፋ፣ ማን ነካው እያለ ጠየቃት። ሰው መሀል አፏን ከፍታ ያንን የሻከረ ነገር ማውጣት አሳፈራት፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በሌላው እጇ ወደ ቤተ ጎልጎታ አመለከተች። ልቀቀኝ፣ ልሳለም ልሂድ ማለቷ ነበር። ምስጋኑ ግን የሰውን ዝምታ እንደራሱ ልክ የሚሰፋ ሰው ነው። ነገ ጾም መግቢያ፣ ዛሬ ጣት ከንፈር ላይ፣ ፊት ወደ ጎልጎታ፤ ይህች ሴት ለእግዜር ብላ አፏን ዘግታለች፣ አርምሞ ይዛለች ብሎ ደመደመ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በቻናሉ ላይ ለቀቀው። የሚቀጥለው ገበያ ብልባላ ሲቆም እንቅርቷ በጠበል ብቻ ቀልጦ ነበር፤ ወሬው ኩልመስክ ሲደርስ ደግሞ እንቅርቱ ነጭ ርግብ ሆኖ በርሯል።

አሰለች መጀመሪያ ሳቀች፤ ያለ ድምፅ። ኋላ ግን ጣፈጣት። መንገድ ይለቁላት ጀመር፣ ሴቶች ትከሻዋን ይሳለማሉ። እቤቷ ደጃፍ ቆመው «አፏን ባትከፍትም በዓይኗ ትየን» የሚሉ መጡ። ነገሩን እያወጣች እያወረደች አሰበችው። ድምፅዋን ያጣች ዘማሪትና አርምሞ የያዘች ቅድስት ሁለቱም አይናገሩም፤ አንዷን ሰው ያዝንላታል፣ ሌላዋን ሰው ይሰግድላታል። ከሁለቱ ምረጪ ብትባል የምታመነታ ማን ናት? እየዋለ እያደረ ግን ጓሮ ወርዳ ድምፅዋን ትሞክራለች። የሚወጣው በደረቅ ቁርበት ላይ ጥፍር እንደመጎተት ያለ ነበር። ዶሮዎቹ እንኳ ቀና ብለው አይተው ይሸሿታል።

አንድ ቀን ከጓሮ ስትመለስ አባቷ መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣» አሏት፣ «አርምሞ የያዘ ሰው ከዶሮ ጋር አይለማመድም።»



በኅዳር ጽዮን ገነተ ማርያም ይዘዋት ሄዱ። መሪጌታው ራሳቸው ድምፅ የላቸውም፤ ከጥርሳቸው ጋር ከሄደ ቆይቷል። ሆኖም ያለ እሳቸው የቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌት አይቆምም። የማኅሌት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ መሪጌታው ከአንሺው ጎን ቆሞ ቃሉን በጆሮው ያቀብለዋል፣ ይመራዋል፤ አንሺውም ተቀብሎ በዜማ ከፍ ያደርገዋል። መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ወደ አንድ ጎረምሳ ደብተራ ጆሮ ተጠግተው አንድ ቃል አሾከሾኩ፤ ጎረምሳው ሲያነሳው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆቡን ያወለቀ መሰለ። አሰለች ከሴቶቹ በኩል ቆማ አየች። ያየችው ግን ሕዝቡ ሁሉ ጎረምሳውን ሲያይ፣ አባቷን አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ እንዳላያቸው ነው። ይህ አስፈራት። ሻርፑን አጥብቃ ተመለሰች።

ገና ሲቃረብ ሰንበት ትምህርት ቤቱ እንደየዓመቱ በዋዜማው ቀን እግር እጥበቱ ቦታ እንዲዘምሩ ጠየቃቸው። ማኅሌት ለሣራ አንቺ አንሺ አለቻት። የሣራ ድምፅ እውነቱን ለመናገር ከአሰለችም የሚበልጥበት ቀን ነበር፤ ይህንን አሰለችም ሣራም ያውቁ ነበር፣ አንዳቸውም ተናግረውት አያውቁም። ሣራ አሻፈረኝ አለች።

«እትዬ ከእግዜር ጋር እያወራች እኔ ቦታዋን ልውሰድ? እሷ ካላነሳች አልዘምርም። ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ መቼም።»

አሰለች አጠገቧ ተቀምጣ ሰማች። አፏን ከፍታ «አንሺ» ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። አላለችም። በዚያ ላይ ምስጋኑ አሰለች አርምሞዋን በገና ዋዜማ «ብርዳችንን ለብሰህ» ብላ እንደምትፈታ ለዓለም አወጀ። ዓለምም ሰማ፤ ቢያንስ እስከ ቆቦ ድረስ ያለው ዓለም ሰማ። አሁን ወይ ትዘምራለች፣ ወይ እህቶቿን ይዛ ለዘላለም ዝም ትላለች።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሜዳው በሰው ተሞላ። ከጎጃም የመጣ፣ ከትግራይ የመጣ፣ አቧራ የጠገበ እግር እንደ አዝመራ ተደርድሯል። ማኅሌት ከበሮዋን አንግታለች። ሣራ እጆቿን አጣጥፋ ታላቋን ትጠብቃለች። ምስጋኑ ስልኩን ከፍ አድርጓል። አሰለች ጊዜ ለመግዛት ሳፋ ይዛ አንዲት መንገደኛ ፊት ተንበረከከች።

ሴትዮዋ የሻረግ ትባላለች፤ ከኩልመስክ በእግሯ የመጣች ወጣት እናት ናት። እግሯን ውሃ ውስጥ ስትከት ነጠላዋ ተንሸራተተ፤ አንገቷ ላይ አሰለች በደንብ የምታውቀው ነገር አለ።

«እኔስ አንቱን ፍለጋ ነው የመጣሁ፣» አለች የሻረግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደሴ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበረኝ። አንቱ አለ ቢላ እንደዳኑ ስሰማ ተውሁት። ጋደም ስል ያፍነኛል እንጂ ሌላ ምንም አይለኝም። እኔም አፌን ልዝጋና ይጥፋልኝ ብዬ ነው። ስንት ቀን ነው ዝም የሚባለው?»

አሰለች የሴትዮዋ ተረከዝ በእጇ ውስጥ እንዳለ ቀረች። ያንን መታፈን ታውቀዋለች፤ ጋደም ሲሉ ሰው ደረት ላይ የተቀመጠ የሚመስለውን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ውሸቷ የራሷ ብቻ መስሏት ነበር፤ ጓሮ ውስጥ የሚያድር፣ ዶሮ ብቻ የሚያውቀው። አሁን በሰው እግር ከኩልመስክ ድረስ መጥቶ መዳፏ ላይ ቁጭ ብሏል።

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ሻርፑን ፈታች። ጠባሳው ከጆሮ ግርጌ እስከ ጆሮ ግርጌ እንደ ሐብል ተዘርግቷል።

«ቢላ ነው ያወጣው፣» አለች።

ድምፁ ሜዳው ላይ ወደቀ። የሻረግ እግሯን ሰበሰበች፤ ውሃው ፈሰሰ።

«ድምፅዎ ምን ሆነ?»

«ድምፄን ወስዶ ትንፋሼን መለሰልኝ። አርምሞም አልያዝሁ። ቀጠሮሽን እንዳትተዪ፣ እኅቴ።»

ከጎን ያሉት ሰሙ፤ የሰሙት ላልሰሙት ነገሩ። ትናንት ትከሻዋን የተሳለመች ሴት አፏን በነጠላዋ ጠረገች። አንድ ሽማግሌ እኔኮ የረገጠችውን አፈር ቋጥሬ አስቀምጫለሁ ብለው አጉረመረሙ፤ ጎረቤታቸው ሽንኩርት ይትከሉበት አላቸው። ጥቂቶች ሳቁ። የምስጋኑ ስልክ እንደ ደከመው ክንድ ቀስ እያለ ወረደ። ሣራ ፊቷ ቀልቶ፣ ልታለቅስ ይሁን ልትቆጣ ሳይለይላት ታላቋን ታያለች።

አሰለች ተነሥታ ወደ ሣራ ሄደች። ፊት ለፊቷ ሳይሆን አባቷ በሚቆሙበት በኩል፣ ከቀኟ ትንሽ ወደ ኋላ ቆመች። ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ብርዳችንን ለብሰህ…» አለቻት፣ በዚያው በሚፋጨው ድምፅ።

ሣራ አልተቀበለችም።

«ብርዳችንን ለብሰህ…»

ማኅሌት ከበሮውን አንድ ጊዜ ብቻ መታች፤ እንደሚጠብቅ ሰው። ሣራ ዞር ብላ ያንን ጠባሳ አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሕዝቡ መልሳ አነሳችው። እንዴት አድርጋ እንዳነሳችው ለመናገር ሌላ ቋንቋ መፈጠር አለበት። ትናንት የተፈለፈለ ጫጩት ሳይቀር ጸጥ አለ። ከሳቁት መሀል ተመልሶ የሳቀ የለም፤ ሁሉም ሣራን ብቻ ነበር የሚያየው። አሰለችን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም፤ እሷም ይህንን ልብ አለች፤ ቆጠቆጣት፤ ቀጣዩን ስንኝ ግን አቀበለች። ሣራ መዝሙሩን በእንቅልፏም ታውቀዋለች፣ መምራት አያስፈልጋትም ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን እንባ አነቃትና ቃሉ ጠፋት፤ ከቀኟ ያ የሻከረ ድምፅ ሲመጣ ያዘችው።

መሪጌታው ከወዲያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ሳፋው ጋ የሻረግ አንድ እግሯ ታጥቦ አንዱ ሳይታጠብ ቁጭ ብላለች። ሣራ ይህንን አይታ እየዘመረች ተጠጋች፤ ማኅሌትም ከነከበሮዋ ተከተለች። አሰለች ተንበረከከች፤ ሳፋው ውስጥ የቀረው ውሃ ገና አልቀዘቀዘም። ሁለተኛውን እግር ያዘች። ከታች ሆና ቀና እያለች ስንኙን ለእህቷ ታቀብላለች፣ ዝቅ እያለች በጣቶቹ መሀል ያለውን አቧራ ታወጣለች።

የሻረግ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት።

«ደሴ መናኸሪያ ሲወረድ ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው?»

አሰለች አንድ ስንኝ ለሣራ አቀበለችና፣ ሣራ እያነሳችው ሳለ፣ በእርጥብ ጣቷ መሬቱ ላይ መንገዱን እየሳለች ታስረዳት ጀመር።