የማይቆጠሩት ሕፃናት

ህይወት ልጇን ሊድያን ጠዋት ሕፃናት ማቆያ ስታስገባት ልጅቷ እየሳቀች ነው። ማታ ስትቀበላት ግን ድምፅዋ ሻክሮ፣ ያቀረሸችው ወተት አንገቷ ሥር ደርቆ ታገኛታለች። ማቆያው ነፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ፣ ህይወት በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ግቢ ጥግ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ነገሩ ካልተሻሻለ ሥራዋን ትታ ቤት መዋሏ ነው፤ ሥራዋን ደግሞ ትወዳለች። ይህች ልጅ ቀኑን ሙሉ የምታለቅሰው ለምንድን ነው? ጥያቄው እረፍት ነሳት።

ተንከባካቢዋ እትዬ አዲስዓለም ብቻቸውን ናቸው። አንዱን በአንቀልባ አዝለው፣ ሌላውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው፣ የሌላውን አልጋ በእግራቸው እየነቀነቁ ይውላሉ። ክፉ ሴት ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ግን ማር የሆኑ ሰው ናቸው። ስለዚህ ህይወት ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ዓለምነህ ሄደች።

"ደንባችን ለአራት ሕፃን አንድ ተንከባካቢ ነው፤" አሏት። "እዚያ ያሉት ደግሞ ጥቂት ናቸው። እትዬ አዲስዓለምን ራሳቸውን ጠይቄያለሁ።"

ጥቂት? ክፍሉ እኮ ጢም ብሏል፤ እግር መርገጫ የለውም። ሴትዮዋ ረዳት አይፈልጉም እንዴ? ህይወት በምሳ ሰዓት ልጇን ልታጠባ ስትገባ ጠየቀቻቸው።

"እትዬ፣ ልጆቹ ስንት ናቸው?"

"ጥቂት ናቸው፣ ያሳድጋቸው።"

"ቁጥሩን ነው የምጠይቅዎት።"

"ውይ! ልጅ እንደ ድንች ይቆጠራል? ዓይን ይገባዋል! ያንቺም እኮ እዚሁ ውስጥ ናት።"

ህይወት ያደገችው ባሕር ዳር ነው፤ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ከነከናት። አቶ ዓለምነህ የስማዳ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ይህን ልማድ እንዴት አጡት? ተመልሳ ቢሯቸው ገባች።

"ጋሽ ዓለምነህ፣ አባትዎ ቤት ስንት ከብት አለ?"

"አለች ጥቂት፣ ይመስገነው፤" አሉ ሳያስቡት። ከዚያ ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉ። ስማዳ ውስጥ በረት ሙሉ ከብት የምትሸፍነውን ቃል ቢሮ ተቀምጠው እንደ ቁጥር ተቀብለዋት ኖሯል።

"በይ እሺ፣ ቆጥረሽ ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ ረዳት አስቀጥራለሁ።"

ምን ችግር አለው! ህይወት የማቆያው በር ላይ ቆማ ከወዲያ ጥግ በጣቷ ጀመረች። የሌሎችን ልጆች ስትቆጥር መልካም ሄደላት። ሊድያ ዘንድ ስትደርስ ግን ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷ ቀና ብላ ድዷን አሳየቻት። የማታምንበት ነገር ነው፤ ቢሆንም ፈራች። በመፍራቷም በራሷ ተናደደች።

"ስንት ሆኑ?" አሉ አቶ ዓለምነህ። አላስችል ብሏቸው ተከትለዋት መጥተዋል።

"እርስዎ ይቁጠሯቸው።"

"እኔ? የሰው ልጅ በኔ ዓይን ይታመም?"

ስንት እንደነበሩ እዚህም ባይጻፍ ይሻላል።

እትዬ አዲስዓለም ክርክር የሚሰሙበት ጊዜ አልነበራቸውም። አንዱን ሕፃን ብድግ አድርገው ለኃላፊው አስታቀፏቸው፤ ሌላውን በሌላኛው ክንዳቸው ላይ ጨመሩላቸው። ለህይወትም ሁለት ሰጧት። ራሳቸው አንድ አዝለው ሁለት ታቀፉ። ምንጣፉ ላይ የቀሩት ሕፃናት ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና አንደኛው ከንፈሩን ጣለ። ጮኸ። የቀሩትም ተከተሉት። አቶ ዓለምነህ ጎንበስ አሉ፤ ግን በምን እጃቸው ያንሷቸው? ከረባታቸው እንኳን አንዱ ሕፃን አፍ ውስጥ ነው።

"ኧረ ሰው ጥሩልን!" ብለው ወደ ውጭ ተጣሩ።

ዘበኛው ቢሆነኝ እየሮጠ መጣ። "ስንት ሰው ልጥራ?"

አቶ ዓለምነህ ምንጣፉን አዩ፤ ፊታቸው በላብ ወርዝቷል።

"እዚህ ላይ የሚያለቅስ ልጅ እስከማይቀር ድረስ!"