የመሃሉ ቋሚ

እነ ስሜነሽ ቤት ኔትወርክ የለም። ስልክ መደወል የፈለገ ሰው ከጥርባ መንደር ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ዳገት ይወጣና ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ይቀመጣል። ታላቅ ወንድሟ ክንዴ ያን ዳገት በወጣ ቁጥር ይራገማል። ስሜነሽ ግን ትወደዋለች። መንገዱ ላይ ሰው ብዙ አያጋጥማትም፤ ያጋጠማትም «ተማሪዋ፣ እንዴት ነው ትምህርት?» ብሎ ሳያስቆማት ሰላም ብሎ ያልፋል።

የሁለተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ናት። በየካቲት ለዕረፍት ወደ ቤቷ የመጣችው ስታቲክስ የሚባለውን ትምህርት በጭንቅ አልፋ ነው። ትረስ የሚባለው ምዕራፍ፣ የጣራና የድልድይ እንጨቶች ሸክምን እንዴት እንደሚካፈሉት የሚሰላበት፣ ክፍል ውስጥ በሁለት ቀን ተሮጦበት አልቋል። እሷ ደግሞ ጥያቄ አትጠይቅም። እጇን ልታነሳ ስትል ክፍሉ ሙሉ ዞሮ የሚያያት ይመስላትና እጇ ከጠረጴዛው ላይ ሳይነሳ ይቀራል። ስለዚህ የቪዲዮ መምህር ያዘች።

የቪዲዮው መምህር ፊቱ አይታይም። የሚታየው እጁ፣ እስክርቢቶውና ነጩ ወረቀት ነው። ሲናገር አይቸኩልም፤ ቢቸኩልባትም ወደ ኋላ መመለስ ትችላለች። አሥር ጊዜ ብታስደግመው አሥር ጊዜ በዚያው ድምፅ ይደግምላታል።

አንድ ማክሰኞ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ሆና ያየችው ትምህርት ምንም ስለማይሸከሙ እንጨቶች ነበር። መምህሩ ሁለት ተዳፋት እንጨቶች ሣለ፤ ከሥራቸው አንድ አግዳሚ አስተኛ፤ ከጫፋቸው ደግሞ እስከ አግዳሚው መሃል አንድ ቋሚ አወረደ። ከዚያ ይህ የመሃል ቋሚ ስንት ይሸከማል ብሎ ጠየቀ። ከታች መጋጠሚያው ላይ ሁለቱ የአግዳሚው ክፍሎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳሳባሉ። ወደ ላይ የሚጎትት ቢኖር ቋሚው ብቻ ነው፤ እሱ ቢጎትት ደግሞ ወደ ታች የሚመልስለት የለም። ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ ሌላ ሸክም እስከሌለ ድረስ ቋሚው የሚሸከመው ዜሮ ነው።

ስሜነሽ ነገሩ በአንዴ በራላት። ደብተሯ ላይ «የመሃል ቋሚ = ዜሮ» ብላ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ሸክም እስከሌለ ድረስ» የምትለዋን ግን አልጻፈቻትም።

ቤት ስትደርስ አናጺው ይኸነው ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ያንኑ ሥዕል በባሕር ዛፍ እየሠራ አገኘችው።

እናቷ ዋጋዬ አዲስ ቤት እያሠራች ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣራውን የሚሸከሙት አምስት ሦስት ማዕዘኖች መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ቆርቆሮውን ያለብሳል። የጎደለው እንጨት ነው።

«ዋጋዬ፣ ለበሩ መቃን ሁለት እንጨት ይቀረኛል» አለ ይኸነው።

«ከየት ላምጣልህ አያ ይኸነው? ግቢዬን መላጣ እኮ አድርገኸዋል።»

ስሜነሽ ሦስት ማዕዘኖቹን እያየች ወደ ክንዴ ጠጋ አለችና «የመሃሉ ቋሚ እኮ ምንም አይሸከምም» አለችው። ለራሷ እንደ መናገር ነበር። ክንዴ ግን ሹክሹክታ ይዞ የሚያድር ሰው አይደለም።

«አያ ይኸነው! የመሃሉ ቋሚ ሥራ ፈት ነው ትላለች ኢንጂነሯ!»

ይኸነው መዶሻውን አስቀመጠ። ሠላሳ ዓመት አናጺ ሆኖ ኖሯል፤ ከጥርባ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ የእሱ እጅ ያልነካው ጣራ ጥቂት ነው። «ማነው ሥራ ፈት? ነይ እስቲ፣ እዚህ ነይና ንገሪኝ።»

ስሜነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ግን ቁጢጥ ብላ በስንጥር መሬቱ ላይ መሣል ስትጀምር ድምፅዋ መጣላት። ሰው እያየች መናገር አትችልም እንጂ ሥዕል እያየች ትችላለች። ይኸነው አንገቱን አስግጎ ሰማት። ከዚያ ተነስቶ የአንዱን ሦስት ማዕዘን ቋሚ በመዶሻ መትቶ አወጣው፤ ክንዴና አንድ ጎረቤት ግራና ቀኝ ይዘው አቆሙለት፤ በመሰላል ወጣና ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ተነቃነቀበት። እንጨቱ ምንም አልሆነም።

«ሠላሳ ዓመት!» አለ ከላይ ሆኖ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈት ስቀልብ ኖሬያለሁ! የተማረ ይግደለኝ!»

አምስቱም ቋሚዎች ወጡ። ሁለቱ ወዲያው ለመቃን ተቆረጡ። ዋጋዬ ልጇን አላመሰገነቻትም፤ ግን ስሜነሽ ውኃ ልትቀዳ ጀሪካኑን ስታነሳ «ተይው፤ አንቺ አንብቢ፤ እኔ እቀዳለሁ» አለቻት።

በገበያው ቀን ይኸነው ግምጃ ቤት ወርዶ ተመለሰና በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ተጣራ። «ስሜነሽ! ደጉ የሚባል ሰው ቤት ጀምሬለታለሁ። ለእሱም ነገርኩት። ጥርባ ላይ አንዲት ልጅ አለች፣ እንጨት አይታ ሰነፉን ከጎበዙ ትለያለች አልኩት። አላመነም፤ አሳየሁት። የእሱንም ቋሚዎች አወጣኋቸው!» ስሜነሽ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ደስታ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ አላገኘችም ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቷ በአሮጌው ቤት መሃል ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ክንዴ፣ ነገ ጣራው ሲያልቅ መጀመሪያ የምትሰቅለው የአባትህን ኮርቻና የዘሩን በቆሎ ነው። ከአግዳሚው መሃል፣ እንደዚህ እንደ አሮጌው። አይጥ እንዳይደርስበት።»

ስሜነሽ ቀና አለች። የአባቷ ኮርቻ፣ እሱ ካረፈ ጀምሮ ማንም ያልጫነው፣ በጠፍር ታስሮ ከአግዳሚው መሃል ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ለዘር የተመረጠው በቆሎ ከነልባሱ ተጠምሮ ሰባት እስር ሆኖ ወርዷል። ጠፍሩ የታሰረበት ቦታ ለብዙ ዓመት ከመታሸቱ የተነሳ ለስልሶ ያበራል። ከዚያ ቦታ በላይ፣ እስከ ጣራው ጫፍ፣ ጭስ ያጠቆረው የመሃል ቋሚ አለ።

ስሜነሽ ሃያ ዓመት ከሥሩ ተኝታለች።

«ምነው ልጄ? ምን አየሽ?» አለች እናቷ።

«ምንም» አለች።

ኮርቻውና በቆሎው አንድ ላይ አንድ ሰው ያህል ይከብዳሉ። ስድስት ሜትር አግዳሚ መሃሉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተንጠልጥሎበት፣ ከላይ የሚይዘው የለም። በአንድ ቀን አይሰበርም። ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ እናቷም በየዓመቱ እስር ትጨምርበታለች። የእናቷ መደብ ደግሞ ከሥሩ ነው።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ቀላሉ ነበር። «እማዬ፣ ዘንድሮ ከግድግዳው ላይ ስቀይው» ብትላት ዋጋዬ እሺ ትላለች። ማንም አያውቅም፤ ይኸነውም አያፍርም፤ እሷም ያቺ እንጨት የምትለይ ልጅ ሆና ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። ከዚያ ግን የደጉ ቤት ትዝ አላት። በዚህ አገር ከአግዳሚው መሃል አንድ ነገር የማይሰቅል ቤት የት አለ?

ዳገቱን ወጣች። ቪዲዮውን ከፍታ ወደ ኋላ መለሰችው። ያው እጅ፣ ያው ድምፅ። «መጋጠሚያው ላይ ሌላ ሸክም እስከሌለ ድረስ» ይላል። ማክሰኞም ብሎ ነበር። ወደ ኋላ መልሳ ደግማ ሰማችው። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ከአግዳሚው መሃል ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ሣለችና ራሷ አሰላችው። ሲያልቅ ቋሚው የተንጠለጠለውን ክብደት በሙሉ ብቻውን ይዞት አገኘችው። እንደ ምሰሶ እየተገፋ አይደለም፤ እንደ ገመድ እየተጎተተ ነው።  ቤት ስትደርስ ከአጥሩ ቀርከሃ ሰንጥቃ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሠራች።

ሰኞ ቀደም ብላ ይኸነውን ለብቻው ልታገኘው አስባ ነበር። ደቦው ቀደማት። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ይኸነው መሰላሉ ላይ ሆኖ ያዛል።

«አያ ይኸነው፣ አንዴ ይውረዱ» አለች። ማንም አልሰማትም፣ ከክንዴ በቀር። ክንዴ ሊጮህላት አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዘችው።

«ተው። እኔ ልናገር።»

ሁለተኛ ስትጣራ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ግቢው ሙሉ ዞሮ አያት። ክፍል ውስጥ ስትፈራው የነበረው ነገር ይኸው መጣ።

«የመሃሉ ቋሚ ይመለስ» አለች። «ሥራ ፈት አይደለም። ተሳስቻለሁ።»

 ከዚያ ይኸነው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ማክሰኞ ሥራ ፈት፣ ሰኞ ሥራ ጀመረ?»

ሰው ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ የተማረ ይግደለኝ ስልሽ የምር ወሰድሽው እንዴ?» ሲል ደግሞ ሳቁ ባሰ። ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ነገሩ ደጉ ቤት ደርሷል።»

ስሜነሽ ሁለት ዱካ ወንበር አመጣችና በመካከላቸው የቀርከሃውን ሦስት ማዕዘን አቆመች። ቋሚ የለውም። «እዚህ ላይ ይጫኑት» አለችው። ይኸነው ጫፉን በጣቱ ተጫነው፤ አልተነቃነቀም። «ማክሰኞ ያየነው ይህን ነው። አሁን ደግሞ እማዬ እንደምትሰቅለው።» አንድ ራስ በቆሎ ከአግዳሚው መሃል አንጠለጠለች። ቀርከሃው እንደ ቀስት ጎበጠ። ዋጋዬ ከበሩ ላይ ሆና «ኧረ በቆሎዬን!» አለች።

ስሜነሽ ከኪሷ ነጭ ክር አወጣች። አንዱን ጫፍ ከላይ፣ ሌላውን ከአግዳሚው መሃል አጥብቃ አሰረች። አግዳሚው ቀጥ አለ። በቆሎው እንደተሰቀለ ነው።

ይኸነው ቁጢጥ አለና ክሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው። እንደ ክራር ጅማት ድምፅ ሰጠ።

«ክር ነው?» አለ።

«ክር ነው።»

«እኔ ቋሚው አግዳሚው ላይ ቆሟል እል ነበር።»

«አልቆመም አያ ይኸነው። አግዳሚው ነው ከእሱ ላይ የተንጠለጠለው።»

ይኸነው ክሩን ደግሞ አየው። ከደቦው አንድ ሽማግሌ በአዊኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገና ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሠላሳ ዓመት አሠርቶት የሠራተኛውን ሥራ አያውቅም ነበር፣ ነው ያለው። ይኸነውም በአዊኛ መለሰለት፤ መልሱን ስሜነሽ ልትተረጉመው አትደፍርም።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሁለቱን ለመቃን ቆርጫቸዋለሁ። ከየት አመጣለሁ?»

«ወፍራም አያስፈልግም። ለሁለቱ ከአጥሩ ቀጭን እንጨት ይበቃል» አለች። አሁን እሱን እያየችው ነው። «ዋናው እንዳይላቀቅ ነው። እስካሁን ከታች የሚመቱት አንድ ምስማር ነው፤ ሲጎተት ይነቀላል። ከላይም ከታችም ቢታሰር።»

ይኸነው አገጩን አሸት አሸት አደረገና ወደ ክንዴ ዞረ። «አሮጌ ቆርቆሮ ካለህ አምጣ። መቀሱንም።»

ቆርቆሮው በጠባብ በጠባቡ ተቆርጦ፣ ተደራርቦ ታጠፈና አግዳሚውን ከሥር አቅፎ በቋሚው ላይ በግራም በቀኝም ተመታ፤ የላይኛው ጫፍም እንዲሁ ታሰረ። አምስቱ እስኪያልቁ ግማሽ ቀን ፈጀ። ደቦው ሥራ ሳይጀምር በጥላው ሥር ተቀምጦ ጠላውን ጨረሰ፤ ዋጋዬም ጋኑን ዘንበል አድርጋ አይታ «በሂሳብሽ ይኼን አላሰላሽውም?» አለቻት። ስሜነሽ አንገቷን ደፋች። ያም ሆኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣራው ለበሰ። ክንዴ ኮርቻውን ከመሃለኛው አግዳሚ ሰቀለ፤ ሰባቱን እስርም አስከተለ። ይኸነው ከሥሩ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አግዳሚውን አየው። ቀጥ ብሏል።  ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ከበሩ ላይ ዞር አለ።

«ደጉን ማን ይንገረው?»

«ሰውየውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለች በጥድፊያ።

«እኔ ያንቺን ስም ጠርቼ ነው ቋሚዎቹን ያወጣኋቸው። ሲመለሱም ባንቺ አፍ ይመለሱ። ነገ በጠዋት እንሄዳለን። ያን ቀርከሃሽን እንዳትረሺ።»

በማግስቱ ወደ ግምጃ ቤት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ማዕዘኑን በፌስታል ሸፍና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር በቆሎው ከፌስታሉ ሥር ይወዛወዛል። ይኸነው ከፊቷ ካለው ወንበር ላይ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ የተኛ መስሏል። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ፌስታሉን ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆይተው አላስችል አላቸው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ? የዶሮ ቆጥ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ትዞር ነበር። ይኸነው ኮፍያውን በጣቱ ትንሽ ቀና ሲያደርግ አየችው።

«አይደለም እማማ» አለችና ፌስታሉን ገለጠችው። «ይቺን ክር አንዴ ይንኳት እስቲ።»